ከአንድ ሊትር የባህር ውሃ ስንት አሳ ይነበባል?

ሌላም ሰው ሊያነበው ስለሚችል ጥያቄውን መጀመሪያ በአጭሩ ላስቀምጠው። እህታችን ባህር ዳር ባዮሎጂ ማስተርሷን እየሰራች ነው፣ ከዛ በኋላ ሳውዲ ቀይ ባህር ዳርቻ ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ለማመልከት አስባለች፣ እና እንዲህ ብላ ጠይቃለች፦ «አንድ ሊትር የባህር ውሃ ቀድተህ ዲኤንኤውን ካነበብክ እዛ ያሉትን አሳዎች በሙሉ ታውቃለህ ይባላል፣ እውነት ነው? ስንት እንደሆኑስ ይነግራል? እንደዛ ከሆነ መረብ መጣልና ጠላቂ ማስገባት ከዚህ በኋላ ለምን ያስፈልጋል?»

እህቴ፣ መልሱን ቀድሜ ልንገርሽ። ማን እንዳለ ይነግርሻል፣ ያውም ብዙ ጊዜ ከጠላቂም ከመረብም በተሻለ። ስንት እንዳለ ግን በቀጥታ አይነግርሽም፣ ያልተገኘ ስም ደሞ የለም ማለት አይደለም። ከሁሉም በላይ ውሃው ውስጥ ያለውን ማንበብ የምትችይው የእያንዳንዱ አሳ ዲኤንኤ ከነስሙ አስቀድሞ ተመዝግቦ ከተቀመጠ ብቻ ነው፣ ቀይ ባህር ላይ ብዙ ስራ የቀረው እዚህ ጋ ነው፣ እኔ አንቺን ብሆን ጉልበቴን በሙሉ የማውለው እዚሁ ላይ ነበር። አሁን ለምን እንደዛ እንዳልኩ ላስረዳሽ።

አሳ ውሃ ውስጥ ሲኖር ሁሌም ከራሱ የሆነ ነገር እየተወ ነው የሚሄደው። ቆዳው ላይ ያለው ዝልግልግ ይታጠባል፣ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ እዳሪው ይበተናል፣ በመራቢያ ጊዜ ደሞ እንቁላልና ዘሩን ውሃ ውስጥ ይረጫል፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሴል አለ፣ ሴሉ ውስጥ ዲኤንኤ አለ። ኢዲኤንኤ የሚባለው ይሄ ከአካባቢው የሚሰበሰበው ዲኤንኤ ነው። ገበያ በተበተነ ማግስት ሜዳው ላይ ብትሄጂ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጤፍ ጭድ፣ የአህያ ፋንድያ ታያለሽ፣ ምን ሲሸጥ እንደዋለ ትናገሪያለሽ፣ ስንት ኩንታል እንደተሸጠ ግን ከልጣጩ አታውቂም፣ ነፋስ ከሌላ ቦታ ያመጣውም ሊኖርበት ይችላል፣ ጥቂት ቀን ካለፈ ደሞ ምንም አታገኚም። በቃ ነገሩ እንደዛ ነው።

አሰራሩ ይሄን ይመስላል። ውሃውን ትቀጃለሽ፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር፣ ከዛ 0.22 ወይም 0.45 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው ፊልተር ታሳልፊዋለሽ፣ ፊልተሩ ላይ በሚቀረው ነገር ውስጥ ባክቴሪያውም አልጌውም የአሳውም ሴል ተቀላቅሎ አለ። ላብ ገብተሽ ዲኤንኤውን ታወጪና ፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤን የማባዛት ስራ፣ ትሰሪያለሽ። ዋናው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ከፊልተሩ የሚወጣው ዲኤንኤ አብዛኛው የጥቃቅን ነፍሳት ነው፣ የአሳው በጣም ትንሽ ነው፣ ስለዚህ የአሳን መርጦ የሚያባዛ ፕራይመር ያስፈልግሻል፣ ማባዛቱ የሚጀመርበት ቦታ ላይ የሚጣበቅ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ማለት ነው። አሁን በብዙ አገር የሚሰራበት ማይፊሽ የሚባለው ነው፣ ከጃፓኑ የቺባ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ማሳኪ ሚያና ባልደረቦቻቸው በ2015 ያወጡት (እዚህ የምጠቅሳቸው አመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ማይቶኮንድሪያ (የራሱ ዲኤንኤ ያለው የሴሉ ጉልበት ማመንጫ) ውስጥ ያለው 12ኤስ የሚባል ጂን ላይ 170 አካባቢ ፊደል ያላት አጭር ቁራጭ ነች የሚይዘው።

ለምን ማይቶኮንድሪያ ካልሽ፣ አንድ ሴል ውስጥ የኒውክለሱ ዲኤንኤ ሁለት ኮፒ ሲሆን የማይቶኮንድሪያው ግን በመቶዎችና በሺዎች ስለሚቆጠር ባህር ላይ ተበትኖም የመገኘት እድሉ ይበልጣል። ለምን አጭር ቁራጭ ካልሽ ደሞ ባህር ውስጥ የወደቀ ዲኤንኤ ስለሚሰባበር ረጅሙን ብትፈልጊ አታገኚውም። የቁራጯ ሁለት ጫፎች ከአሳ አሳ ብዙም አይለያዩም፣ መሃሏ ግን ይለያያል፣ ስለዚህ በአንድ ፕራይመር የሁሉንም ታባዢና መሃሉን በሲኩዌንሰር፣ የዲኤንኤ ፊደል በሚያነበው ማሽን፣ አንብበሽ ማን ማን እንደሆነ ከዳታቤዝ ጋር ታመሳክሪያለሽ።

ነገሩ ገና ወጣት ነው። በ2008 ፈረንሳይ ውስጥ ከኩሬ ውሃ ብቻ ወራሪው የአሜሪካ ትልቅ እንቁራሪት መኖር አለመኖሩ ታወቀ፣ በ2012 ደሞ ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ፊሊፕ ቶምሰንና ጓደኞቹ በግማሽ ሊትር በግማሽ ሊትር ከተቀዳ የዴንማርክ የባህር ውሃ የ15 አሳ ዝርያ ዲኤንኤ አገኙ፣ በመረብና በሌሎች በተለመዱት 9 ዘዴዎች ከተገኘው ጋር ሲያስተያዩትም ከየትኛውም ያላነሰ ወይም የተሻለ ሆኖ ተገኘ፣ እዛ አካባቢ እንግዳ የሚባል ሳርዲን ሳይቀር ውስጡ ነበር። ከዛ ወዲህ ነው ሁሉም ሰው ጠርሙስ ይዞ ባህር የወረደው።

እሺ፣ ግን ዘዴው ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? ባህር ውስጥ በእርግጥ ምን እንዳለ ማንም አያውቅምና ከምን ጋር ታስተያዪዋለሽ? መልሱ አኳሪየም ነው፣ ምክንያቱም አኳሪየም ውስጥ ምን ምን አሳ እንዳለ ጠባቂዎቹ በስም ያውቁታል። ሚያና ቡድናቸው ኦኪናዋ ያለው ቹራኡሚ አኳሪየም ገብተው ከ4 ገንዳዎች ውሃ ቀዱ፣ ገንዳዎቹ ውስጥ የታወቁ 180 ዝርያዎች ነበሩ፣ ከነሱ ውስጥ 168ቱን አገኟቸው፣ 93.3 በመቶ ማለት ነው። ይሄ በጣም ትልቅ ውጤት ነው፣ ሳነበው ዛሬም ይገርመኛል። ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም ውስጥ ደሞ በ2014 በታተመ ስራ 4.5 ሚሊዮን ሊትር በሚይዘው ገንዳ ላይ በሌላ ፕራይመር ተሞከረ፣ እዛ ጋ አጥንት ያላቸውን አሳዎች በደንብ ሲያገኝ አይን የሚሞሉትን ሻርኮችና ኤሊዎች ግን ሳያያቸው ቀረ። ሻርክና ራይ አጥንታቸው ለስላሳ የሆነ የራሳቸው ወገን ናቸው፣ ፕራይመሩ የሚጣበቅበት ቦታ እነሱ ጋ ተለውጦ ስለሚገኝ አይይዝላቸውም። ስለዚህ አንድ ሰው «ኢዲኤንኤ ሰራሁ፣ ሻርክ የለም» ካለሽ መጀመሪያ በምን ፕራይመር ብለሽ ጠይቂው፣ ማይፊሽም ለሻርክና ለራይ ብቻ የተስተካከለ ሌላ አይነት አለው። እዛው ሞንተሬይ ውስጥ ሌላም ነገር ታየ፣ ገንዳው ውስጥ በህይወት የሌለ ሜንሃደን የሚባል አሳ ዲኤንኤው ተገኘ፣ ለምግብነት የሚጣልላቸው አሳ ነበር። ውሃው ህይወት ያለውንና የተበላውን አይለይልሽም ማለት ነው።

አሁን ወደ እውነተኛ ባህር እንሂድ፣ ምክንያቱም ሰዎች ብዙ የሚጠቅሱት እዚህ ጋ ያለውን ውጤት ነው፣ ሲጠቅሱት ደሞ ግማሹን ብቻ ነው። ጃፓን ማይዙሩ ቤይ ላይ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጣቢያ አለው፣ ጠላቂዎች እዛ ለ14 አመት እየገቡ አሳ ሲቆጥሩ ነበር። በ2017 በታተመው ጥናት ተመራማሪዎቹ በአንድ ቀን ከ47 ቦታ ውሃ ቀዱና 128 ዝርያ አገኙ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ይሄን ነው፣ ለ14 አመት ከተደከመበት የአንድ ቀን ውሃ በለጠ እያለ። ሁለተኛውን ግማሽ ግን ልብ በይልኝ፣ ጠላቂዎቹ በአይናቸው ካዩዋቸው ዝርያዎች ውስጥ ኢዲኤንኤው የያዘው 62.5 በመቶውን ነው። ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በአይን የታዩ አሳዎች ውሃው ውስጥ አልተገኙም። አንዳንዶቹ በዛ ወቅት አልነበሩም ይሆናል፣ 14 አመትና አንድ ቀን እኩል ወቅት አይሸፍኑም፣ ጥቂት የሆኑ ዝርያዎች ደሞ ዲኤንኤያቸው የተቀዳው ውሃ ውስጥ አልገባ ይሆናል። የሆነው ሆኖ ሁለቱ ዘዴዎች የሚያዩት የተለያየ ነገር ነው። ጠላቂ ቀን ላይ፣ ሪፉ (ባህር ውስጥ ያለው ድንጋያማ ቦታ) አጠገብ፣ ሰው ሲያይ የማይሸሸውን ነው የሚያየው። ድንጋይ ስር የተሸጎጠውን ጎቢ የሚባለውን ትንሽ አሳ፣ ሌሊት ብቻ የሚወጣውን፣ ከሩቅ አልፎ የሚሄደውን አያይም፣ ውሃው ግን የነሱንም ሊይዝ ይችላል። ጠላቂ በተራው ይሄኛው ገና ልጅ ነው ይሄኛው እንቁላል ተሸክሟል ብሎ ይነግርሻል፣ ያንን የትኛውም ሲኩዌንሰር አይነግርሽም።

በተለይ ጥቂት ለሆኑና ሰው ለሚሸሹ አሳዎች ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል። ኒው ካሌዶኒያ ላይ በ2018 የታተመው የሻርክ ጥናት ለኔ ከሁሉም በላይ አሳማኝ ነው፣ በ22 የውሃ ሳምፕል ብቻ 13 የሻርክ ዝርያ ተገኘ፣ እዛው አካባቢ ለአመታት በሺዎች በሚቆጠር የጠላቂዎች ቆጠራና ምግብ በታሰረላቸው በመቶዎች በሚቆጠሩ ካሜራዎች ተለፍቶ የተገኘው ደሞ 9 ነበር። ሰው በበዛበት ቦታ ሻርክ ጠፍቷል ተብሎ የታመነበት ሪፍ ላይ ዲኤንኤው ተገኝቷል። ለጥበቃ ስራ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የለም የተባለን አሳ ማንም አይጠብቀውም።

ወደ ቀይ ባህር ሰፈር ቀረብ ስንል ደሞ ኳታር አለ። አል ሻሂን የነዳጅ መድረኮች አካባቢ በየአመቱ ዌል ሻርክ በብዛት ይሰበሰባል፣ ከአሳዎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። በ2016 በታተመ ስራ የዴንማርክና የኳታር ተመራማሪዎች እዛ ውሃ ቀድተው ዌል ሻርክ አለ የለም ብቻ ሳይሆን በማህበረሰቡ ውስጥ ያሉትን የማይቶኮንድሪያ አይነቶች ድርሻ ከውሃው አነበቡ፣ ከሻርኮቹ ቆዳ ከተወሰደው ናሙና ጋር ሲያመሳክሩትም ተቀራራቢ ሆነ። እዛው ውሃ ውስጥ የማኬሬል ቱና ዲኤንኤም ከዌል ሻርኩ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ ሲል ታየ፣ ምክንያቱም ሻርኮቹ የሚመጡት የቱናውን እንቁላል ሊበሉ ነው። ከውሃ ጠርሙስ ማን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደመጣም ፍንጭ ተገኘ ማለት ነው፣ ይሄን ስራ ሁሌ ለተማሪዎች እንዲያነቡት እመክራለሁ።

አሁን ስንት ነው ወደሚለው ጥያቄሽ ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሲኩዌንሰሩ ሲጨርስ ሰንጠረዥ ይሰጥሻል፣ እገሌ የሚባል አሳ 40,000 ንባብ (የተነበበ የዲኤንኤ ቁራጭ)፣ እገሌ 300 ንባብ እያለ፣ እና አይንሽ ወዲያው የመጀመሪያው ከሁለተኛው ከ100 እጥፍ በላይ ይበዛል ብሎ ያነበዋል። አይደለም! ፕራይመሩ ለአንዱ አሳ በደንብ ይጣበቃል ለሌላው በትንሹ ይሳሳታል፣ ፒሲአር ደሞ በእያንዳንዱ ዙር እጥፍ ስለሚያደርግ መጀመሪያ ላይ የነበረች ትንሽ ልዩነት 35 ዙር ሄዳ ተራራ ታክላለች። በዛ ላይ አንድ ትልቅ ቱና የሚተወው ዲኤንኤና የመቶ ሰርዲን ጫጩቶች አይመጣጠንም፣ የሚራባ አሳ ከማይራባው ይበልጥ ይጥላል፣ ውሃው ሲሞቅ የሚጥለውም ይጨምራል የሚበሰብሰውም ይፈጥናል።

ይሄ ማለት ግን መጠኑ ምንም አይናገርም ማለት አይደለም፣ ወደዛኛው ጫፍም መሄድ ልክ አይመስለኝም። አንድ ዝርያ ብቻ መርጠሽ ለሱ ብቻ በተሰራ ፕራይመር መጠን በሚለኩት የፒሲአር አይነቶች፣ በኪውፒሲአር ወይም በዲጂታል ፒሲአር፣ ከለካሽ የዲኤንኤው መጠን ከአሳው ብዛት ጋር አብሮ ሲሄድ በብዙ ቦታ ታይቷል፣ እዛው ማይዙሩ ላይ በ2016 የጃፓን ጃክ ማኬሬል ዲኤንኤ መጠን በመርከብ ሶናር (አሳን በድምፅ በሚለካ መሳሪያ) ከተለካው ጋር ተስተያይቶ ተያያዥነት ነበረው። ግን እሱም ላይ የአሳ ገበያው ያለበት ዳር ዲኤንኤው ከፍ ብሎ ስለተገኘ ከገበያው ያለውን ርቀት ስሌቱ ውስጥ ማስገባት ነበረባቸው። በየአመቱ በተመሳሳይ ቦታ በተመሳሳይ ወር በተመሳሳይ ዘዴ ብትቀጂ ደሞ እየጨመረ ነው እየቀነሰ ነው የሚለውን መጠርጠር ትችያለሽ። ስንት ቶን ይጠመድ ብሎ ለሚወስን ባለስልጣን ግን የአሳው ርዝመት፣ እድሜና ለመራባት የደረሰው ድርሻ ያስፈልገዋል፣ ለዛ መረቡ አይቀርም፣ እድሜውን ለማወቅ የአሳ ጆሮ ውስጥ ያለችውን ድንጋይ ቆርጦ ቀለበቷን መቁጠርም አይቀርም።

ያልተገኘ የለም ማለት አይደለም ያልኩሽን በቁጥር ላሳይሽ። አንድ አሳ እውነት እዛ ሪፍ ላይ አለ እንበል፣ ግን በአንድ ሳምፕል የመያዝ እድሉ 30 በመቶ ነው። አንድ ሳምፕል ብቻ ብትወስጂ 70 በመቶ ታልፊዋለሽ። 5 ብትወስጂ ሁሉም ላይ የማለፍ እድልሽ ወደ 17 በመቶ ይወርዳል፣ 10 ብትወስጂ ወደ 3 በመቶ። ስለዚህ አንድ ሊትር ውሃ ሁሉንም ይነግርሻል የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይወድቃል፣ ከአንድ ትልቅ ጠርሙስ ብዙ ትንንሽ ሳምፕል ከተለያየ ቦታና ጥልቀት ይሻላል፣ እያንዳንዱን ሳምፕል ደሞ ፒሲአሩን ደጋግመሽ ስሪው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ዳታቤዙ። ሲኩዌንሰሩ የሚሰጥሽ ፊደል ነው፣ ስም አይሰጥሽም። ስሙን የምታገኚው ያቺን የፊደል ሰንሰለት ከዚህ በፊት ባለሙያ ለይቶት ሲኩዌንስ ከተደረገ አሳ ጋር ስታመሳክሪ ነው። ቀይ ባህር ከ1,100 በላይ የአሳ ዝርያ አለው፣ ከ10 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደሞ ከዛ ውጪ የትም የማይገኙ ናቸው። የመጀመሪያው ባርኮድ ስራ፣ ማለትም የየአሳውን መለያ ዲኤንኤ ከነስሙ መመዝገቡ፣ በአብዛኛው የተሰራው ሲኦአይ በሚባለው ጂን ነው፣ ማይፊሽ ደሞ 12ኤስ ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ አሳው ባርኮድ አለው ቢባልም አንቺ ለምትሰሪበት ጂን ላይኖረው ይችላል። ያኔ ምን ይሆናል? ሶፍትዌሩ ብዙ ጊዜ አላውቅም አይልሽም፣ ቅርብ የሆነውን ዘመድ ስም ይሰጥሻል።

ጅዳ ያላችሁ ናጂል የሚባለውን አሳ ታውቁታላችሁ፣ ገበያው ላይ ከሀሙር (ግሩፐር) ዘመዶች ሁሉ ውዱ፣ ቀዩ ነጠብጣብ ያለበት። የቀይ ባህሩ ናጂል ፕሌክትሮፖመስ ማሪስሩብሪ ይባላል፣ ከህንድ ውቅያኖሱ ዘመዱ ጋር ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ሲቆጠር የኖረ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ የዘመዱ ብቻ ካለ ሪፖርትሽ ላይ የሚወጣው የዘመዱ ስም ነው፣ አንዱ ከመጠን በላይ ተጠምዶ ሌላው ደህና ከሆነ ደሞ አስቢው፣ በተሳሳተ ስም የጥበቃ ውሳኔ ሊወሰን ነው።

አንዳንዴ ደሞ ሁለቱም ዳታቤዙ ውስጥ ኖረው ቁራጯ ራሷ አትለያቸውም። ቱናዎች ጎልቶ የሚታወቅ ምሳሌ ናቸው፣ 12ኤስ ላይ እርስ በርሳቸው በጣም ስለሚቀራረቡ «ቱና ነው» ከማለት በላይ መሄድ ይከብዳል። ይሄ ላንቺ አዲስ ሊሆን አይገባም፣ ባርበስ የሚባሉት የጣና አሳዎች አጠገብሽ ናቸው፣ ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች በአፋቸው ቅርፅና በሚበሉት ነገር ይለያያሉ፣ ማይቶኮንድሪያቸው ላይ ግን ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው፣ አንድ ሀይቅ ውስጥ በቅርብ ጊዜ የተለያዩ ስለሆኑ። ከጣና ውሃ ቀድተሽ በማይፊሽ ብታነቢ ባርበስ የሚል አንድ ስም ነው የምታገኚው፣ እዛው ሀይቅ ውስጥ ያሉት ቆሮሶና አምባዛ ግን በግልፅ ይለያሉ። ስለዚህ ሪፖርት ስታነቢ ስሙ የት ደረጃ ላይ እንደቆመ እዪ፣ ዝርያ ነው ወይስ ወገን ነው ወይስ ቤተሰብ።

ስለ ባህሩ ራሱ ጥቂት ልበል። ዲኤንኤ ባህር ውስጥ ከሰአታት እስከ ጥቂት ቀናት ነው የሚቆየው፣ ባክቴሪያ ይበላዋል፣ ፀሀይና ሙቀት ይሰብረዋል፣ የቀይ ባህር ገፅ በሞቃቶቹ ወራት ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሄድ ከሰሜን አውሮፓ ባህር በፈጠነ ይጠፋል ብለሽ ጠብቂ። ይሄ መጥፎ ብቻ አይደለም፣ የምታገኚው የቅርብ ጊዜና የቅርብ ቦታ ነው ማለትም ነው፣ ካሊፎርኒያ ላይ በተሰራ ስራ ከመቶ ሜትር ባነሰ ርቀት ያሉ የተለያዩ መኖሪያዎች በዲኤንኤያቸው ተለይተዋል። የቀይ ባህር መሃል፣ ጅዳ አካባቢ፣ የባህር መውጣትና መግባቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ከሌላ ቦታ በተጻፈ መመሪያ ላይ ያለውን የሰአት ምክር እንዳለ አትውሰጂ፣ እዛ የበለጠ የሚወስነው ነፋሱና የውሃው ፍሰት ነው፣ እነሱን መዝግቢ።

ኮንታሚኔሽን ላይ ደሞ ትንሽ ጨከን ማለት አለብሽ። ኢዲኤንኤ ስራ ላይ የሚያጠፋሽ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የምትፈልጊው ነገር መጠኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ በጣትሽ የመጣ የምሳ ቱና ከባህሩ አሳ ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። ጀልባው ላይ የቱና ጣሳ የሚባል ነገር አይከፈት፣ አጥማጁ የያዘውን አሳ ነክቶ ጠርሙስሽን አያቀብልሽ። እቃውን በረኪና በውሃ በጥብጠሽ እጠቢ፣ ከዛ በንፁህ ውሃ በደንብ አለቅልቂው፣ በረኪናው ከቀረ ሳምፕልሽንም ይጨርሰዋል። ጓንት ከቦታ ቦታ ቀይሪ። ባዶ ሳምፕል የግድ ነው፣ ማለትም ከላብ የወሰድሽውን ንፁህ ውሃ ባህሩ ዳር ከፍተሽ እንደ ባህር ውሃው ፊልተር ታደርጊዋለሽ፣ ዲኤንኤ ስታወጪም ሌላ ባዶ፣ ፒሲአር ላይም ሌላ ባዶ፣ እና ሁሉንም እስከ ሲኩዌንሲንግ ድረስ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ባዶው ላይ አሳ ከወጣ ችግሩ የት እንደገባ ታውቂያለሽ። ዲኤንኤ የምታወጪበት ክፍልና ፒሲአር የተባዛው የሚከፈትበት ክፍል አንድ መሆን የለበትም፣ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ላብ ከሆነ ይሄን ስራ እዛ አትጀምሪው፣ ይሄን ስል በደንብ አስቤበት ነው።

ከተማ ዳር ስትቀጂ የፍሳሹን ነገር አትርሺ። ሰው የበላው ሳልሞን በፍሳሽ ባህር ይገባል፣ ቀይ ባህር ላይ ሳልሞን ካገኘሽ ከኩሽና ነው የመጣው፣ እሱስ በቀላሉ ይለያል፣ አስቸጋሪው እዛው ባህር ውስጥም የሚኖር ገበያም ላይ የሚሸጥ አሳ ነው። ለዛ መፍትሄው ከገበያውና ከፍሳሽ መውጫው መራቅ፣ ካልተቻለም ርቀቱን መዝግቦ ትንታኔው ውስጥ ማስገባት ነው። ውሃውን በቀዳሽ በሰአታት ውስጥ ፊልተር አድርጊ፣ በረዶ ላይ አቆይው፣ ፊልተሩን ዲፕ ፍሪዘር ከሌለ ኤታኖል ወይም ማቆያ በፈር ውስጥ አስገቢው። ፈቃድ ደሞ ቀድመሽ ጠይቂ፣ ውሃ ብቻ ነው የቀዳሁት ብትዪም ከውስጡ የምታወጪው የዛ አገር የዘረመል ሀብት ነው።

መቅዳቱ ራሱ ከባድ እውቀት አይጠይቅም። ዩኔስኮ በ2022 እና በ2023 በ21 የባህር የአለም ቅርስ ቦታዎች ላይ ህፃናት ሳይቀሩ የአካባቢውን ሰው ውሃ አስቀድቶ ወደ 4,500 የሚጠጉ የባህር ዝርያዎች ስም ሰብስቧል። ጃፓንም በመላ አገሪቱ ውሃ የሚቀዳበት አኔሞኔ የሚባል መረብ ዘርግታ ዳታውን ለሁሉም ክፍት አድርጋለች። በሜዲትራኒያን በኩል ደሞ የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ ከቀይ ባህር የሚሻገሩት አሳዎች አሉ፣ መርዛማው ፓፈር አሳ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁት ነው፣ መሸጡም ክልክል ነው፣ እንዲህ ያለ እንግዳ ገና ጥቂት ሳለ ለማወቅ ውሃ መቅዳት ከመረብ ይቀድማል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን የሚቀዳው ሰው እየበዛ ሲሄድ አሳውን አይቶ ስሙን የሚለይ ሰው አልበዛም፣ እሱ ነው የሚያሳስበኝ።

ስለዚህ ለማመልከቻሽ የምመክርሽ ይሄን ነው። «በቀይ ባህር ያሉ አሳዎችን በኢዲኤንኤ አጠናለሁ» ብለሽ አትጻፊ፣ ሰፊ ነው፣ የማይጨረስ ነው። ይልቅ አንድ ሪፍ ምረጪ፣ ጠላቂ በገባበት ቀንና ቦታ ውሃ ቅጂ፣ ማን ምኑን እንዳየ አስተያዪ። ከዛ ጎን ለጎን ጅዳ አሳ ገበያ ጠዋት ጠዋት ሂጂ፣ አጥማጆቹ ካጠመዱት ውስጥ ዳታቤዙ ላይ 12ኤስ የሌላቸውን ለይተሽ ግዢ፣ ክንፉ ተዘርግቶ ቀለሙ ሳይጠፋ ፎቶ አንሺ፣ የት እንደተጠመደ ጠይቂ፣ አጥማጁ የሚጠራበትን ስም ጻፊ፣ አሳ በመለየት የታወቀ ባለሙያ እንዲያረጋግጥልሽ አድርጊ፣ አሳውን ሙዚየም ወይም ዩኒቨርሲቲ ስብስብ ውስጥ አስቀምጪ፣ 12ኤሱንም ሲኦአዩንም አንብበሽ ክፍት ዳታቤዝ ላይ ልቀቂው። ሃምሳ ዝርያ እንኳን ብትጨምሪ ከአንቺ በኋላ ቀይ ባህር ላይ ውሃ የሚቀዳ ሁሉ ይጠቀምበታል፣ ዛሬ ስም ያልተገኘላቸው የድሮ ዳታዎችም እንደገና ሲነበቡ ስም ያገኛሉ። ለሱፐርቫይዘሩ ስትጽፊ አሳዎቹ የሚቀመጡበት ቦታ አላችሁ ወይ፣ ዲኤንኤ የሚወጣበትና ፒሲአር የሚሰራበት ክፍል ይለያያል ወይ፣ አሳ የሚለይ ሰው ከቡድኑ ውስጥ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ።

እና ገበያ ስትሄጂ እርሳስ ያዢ፣ ለዲኤንኤ ከአሳው የምትቆርጪው ቲሹ የሚገባበት ኤታኖል የእስክሪብቶ ቀለም ያጥባል፣ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ጠርሙሱ ውስጥ አስገቢ፣ ፎቶው ላይም ያው ቁጥር ይታይ።